ከካፕሱሉ በፊት ያለው ወር

እንደምን ዋላችሁ። ከየጤና ጣቢያው የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ሕመምተኛ ይዛችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ታይሮይድ ካንሰር ነው፤ ታይሮይድ አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው ዕጢ ነው። የኑክሌር ሕክምና፣ ማለትም በጨረር አመንጪ መድኃኒት የሚሰጠው ሕክምና፣ በሽታውን በመለየትና በማከም ረገድ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽ እንነግራችኋለን።

ጎጃም ውስጥ እንቅርት እንግዳ አይደለም። በደጋው ላይ ዝናቡ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑን አብሮ ወስዶታል፤ ከዚያ አፈር የሚበቅለውም እህል አዮዲን ያነሰው ነው። ስለዚህ አንገቷ ያበጠ እናት ስትመጣ «የአገሩ ነው» ተብላ ትመለሳለች። እውነትም አብዛኛው ተራ እንቅርት ነው። ከመካከሉ ግን ካንሰር የሆነው አለ። ያንን የተለየ የሚያደርገው ደግሞ ከብዙዎቹ ካንሰሮች ይልቅ ሊድን የሚችል መሆኑ ነው፤ የሚያድነውም የራሱ ባሕርይ ነው።

ባሕርይው ይህ ነው። የታይሮይድ ሴል ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከደም ውስጥ አዮዲንን እየሳበ የሚያስገባበት የራሱ በር አለው። ፓፒላሪና ፎሊኩላር የሚባሉት ሁለቱ የካንሰር ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ ይህን በር ይዘው ይቀራሉ፤ ከጤናማው ሴል የደከመ ቢሆንም አለ። ወደ ንፍፊት ቢዛመቱ፣ ሳንባ ቢገቡ፣ አጥንት ላይ ቢቀመጡ፣ ባሉበት ሆነው አዮዲን ይስባሉ። እኛ ደግሞ የሚስቡትን አዮዲን በጨረር አመንጪው እንተካዋለን። አዮዲን-131 ሲዋጥ የካንሰሩ ሴል ከተለመደው አዮዲን ለይቶ አያውቀውም፤ ያስገባዋል። ከገባ በኋላ የሚለቀው ቤታ ጨረር ሥጋ ውስጥ 2 ሚሊሜትር ገደማ ሄዶ ያልቃል፤ ስለዚህ የሚቃጠለው ያስገባው ሴልና የቅርብ ጎረቤቱ ብቻ ነው። አብሮት የሚወጣው ጋማ ጨረር ከሰውነት ውጭ ድረስ ስለሚዘልቅ በጋማ ካሜራ ይነሳል። በአንድ መድኃኒት ማየትም ማከምም ተቻለ ማለት ነው። ሜዱላሪ የሚባለው ዓይነት ከሌላ ሴል ስለሚነሳ ይህ በር የለውም፤ አናፕላስቲክ የሚባለውም ዓይነት በሩን ዘግቶታል። ለእነዚህ ሁለቱ አዮዲን መስጠት ሕመምተኛን ያለ ጥቅም ማንገላታት ነው።

አዮዲን-131ን ሲቦርግና ሊቪንጉድ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በ1941 ሳውል ኸርትዝ የተባለው ሐኪም በቦስተን ከመጠን በላይ ለሚሠራ ታይሮይድ ጨረር አመንጪ አዮዲን ሰጠ። ሳይድሊንና ባልደረቦቹ በ1946 ያሳተሙት ዘገባ ደግሞ ታይሮይዱ ከዓመታት በፊት የወጣለት፣ ካንሰሩ ግን በሌላ የሰውነት ክፍል ሆኖ ሆርሞን ያመርት የነበረ ታካሚን ይመለከታል። አዮዲኑ የተበተነውን በሽታ ተከትሎ ሄዶ አገኘው። ሕክምናው ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ብዙ ሰው «ስካን ይነሳና ካንሰር መሆኑ ይታወቅ» ይላል። አይታወቅም። አንገት ላይ ጉብታ የተገኘበት ሰው መጀመሪያ የሚታዘዝለት የቲኤስኤች፣ ማለትም ታይሮይድን ሥራ የሚያዘው ሆርሞን፣ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ነው። ስካን ቦታው የሚመጣው ቲኤስኤች ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው፤ ያኔ ጉብታው ራሱ ሆርሞን እያመረተ ይሆናል። በደም ሥር ከ2 እስከ 10 ሚሊኪዩሪ (የጨረር አመንጪ መጠን መለኪያ) ቴክኒሺየም፣ ለምስል የሚያገለግል ጨረር አመንጪ፣ ይሰጥና ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ አንገቱ በካሜራ ይነሳል። ቴክኒሺየሙን አብዝቶ የሳበው ጉብታ «ትኩስ» ይባላል፤ ካንሰር የመሆኑ ዕድል በጣም ጥቂት ነው። ምንም ያልሳበው «ቀዝቃዛ» ይባላል፤ ከመቶ ቀዝቃዛ ጉብታ ካንሰር የሚሆነው ከ5 እስከ 15 ያህሉ ነው። እንግዲህ ቀዝቃዛ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም፤ «በመርፌ ይታይ» ማለት ነው። ቲኤስኤች ልክ ከሆነ ወይም ከፍ ካለ ስካኑ ታልፎ በቀጥታ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል።

መርፌውም ቢሆን የማያየው አለ። ፎሊኩላር ካንሰርን ከደህናው ፎሊኩላር እብጠት የሚለየው እብጠቱ የተጠቀለለበትን ሽፋን ወይም የደም ሥርን ሰብሮ መውጣቱ ነው፤ ይህን ደግሞ በመርፌ ከመጡ ጥቂት ሴሎች ማወቅ አይቻልም። የወጣው ዕጢ በሙሉ በፓቶሎጂ፣ ማለትም በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ፣ መታየት አለበት። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ለዚህ አገር ስለሆነ ነው። አዮዲን በሚያንስበት ቦታ የፎሊኩላሩ ድርሻ ከፍ ይላል፤ እርሱ ደግሞ በደም በኩል ሄዶ ሳንባና አጥንት ይገባል። ለእንቅርት ተብሎ የተቆረጠ ዕጢ ሳይመረመር ከተጣለ፣ ከዓመታት በኋላ ያቺው ሴት የወገብ ሕመም ይዛ ወይም ጭኗ ያለ ብዙ ምክንያት ተሰብሮ ትመጣለች፤ ያኔ የመጀመሪያውን እድል የሚመልስ የለም። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ፓቶሎጂ ያልተላከ ዕጢ ሊኖር አይገባም። ወጪ ነው የሚባለው፣ በኋላ ከሚመጣው ጋር ሲተያይ ወጪ አይደለም።

ካንሰር መሆኑ ከታወቀና አዮዲን እንዲሰጥ ከተወሰነ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል መውጣት አለበት። ግማሹ ከቀረ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ የቀረው ጤናማ ዕጢ ከካንሰሩ ይልቅ አዮዲኑን ስለሚሻማ የተሰጠው መጠን እርሱ ጋር ያልቃል፤ አንገትም ያብጣል፣ ያማል። ሁለተኛ፣ ዕጢው ሆርሞን እያመረተ ስለሚቀጥል ቲኤስኤች አይነሳም። ከቀዶው በኋላ ባሉት ቀናት ጣትና ከንፈር መደንዘዝ፣ መቆረጣጠም ካለ ካልሲየም ወርዷልና ሳይዘገይ ይመርመር።

ለሁሉም ታካሚ አዮዲን አይሰጥም። ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ፣ ከዕጢው ያልወጣ ፓፒላሪ ካንሰር ከቀዶ በኋላ አዮዲን አይሻም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ ከእንግሊዝ ሌላው ከፈረንሳይ፣ ዝቅተኛ አደጋ ባለባቸው ሰዎች ላይ ቀሪውን ዕጢ ለማጥፋት 30 ሚሊኪዩሪ ከ100 ሚሊኪዩሪ እኩል እንደሚሠራ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የፈረንሳዮቹ ቀጣይ ጥናት ደግሞ እንደነዚህ ካሉ ሰዎች ለብዙዎቹ ክትትል ብቻ እንደሚበቃ አሳየ። በሽታው ወደ ንፍፊት ሲዛመት ወይም ከዕጢው ሽፋን ሲወጣ ከ75 እስከ 150 ሚሊኪዩሪ፣ ሳንባና አጥንት ሲደርስ ከ100 እስከ 200 ሚሊኪዩሪ ይሰጣል። «ብዙ ከሆነ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ይጎዳል፤ የምራቅ ዕጢና የአጥንት መቅኔ ዋጋውን ይከፍላሉ።

የዛሬው ዋና ጉዳያችን ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ አዮዲን-131 የያዘው ካፕሱል ከመዋጡ በፊት ያለው ወር። ካፕሱሉን መዋጥ የደቂቃ ሥራ ነው። የሚሠራ ወይም የማይሠራ መሆኑ የሚወሰነው ግን በዚያ ወር ውስጥ፣ አብዛኛውም በታካሚው ቤት፣ በማድቤቱና በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ነው።

የመጀመሪያው ቲኤስኤችን ማስነሳት ነው። ቲኤስኤች የአዮዲኑን በር የሚከፍት ሆርሞን ነው፤ ከ30 በላይ ሲሆን ካንሰሩ በደንብ ይስባል። ለዚህ ታካሚው በወጣው ዕጢ ምትክ የሚወስደውን የሆርሞን ክኒን፣ ታይሮክሲንን፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያቆማል። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ (ግማሽ ዕድሜው) 7 ቀን ስለሆነ ለአንድ ሳምንት አቁሞ መምጣት አይበቃም። በእነዚያ ሳምንታት ሰውዬው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሐሳቡ ይከብደዋል፤ ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ በሽታው የባሰ ይመስለውና ክኒኑን መልሶ ያስጀምረዋል። በዚህ ምክንያት ቀጠሮው ፈርሶ እንደገና ወር ይጠበቃል። መኪና የሚነዳ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ባይነዳ ይሻላል። 0.9 ሚሊግራም ሰው ሠራሽ ቲኤስኤች በተከታታይ ሁለት ቀን በመርፌ ሰጥቶ በሦስተኛው ቀን አዮዲኑን የመስጠት ዘዴም አለ፤ ክኒን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ሰውነት በተለመደው አዮዲን ከጠገበ የእኛን አይቀበልም። ካፕሱሉ ከመዋጡ ከ1 እስከ 2 ሳምንት አስቀድሞ በቀን የሚገባው አዮዲን ከ50 ማይክሮግራም በታች መሆን አለበት። የጾም ምግባችን ለዚህ የተሠራ ያህል ነው፤ እንጀራ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን አዮዲናቸው ጥቂት ነው፤ መቆም ካለባቸው ውስጥ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ዕንቁላል በጾም ስለማይበሉ ሥራው ይቀላል፤ የባሕር ዓሣም መቆም አለበት። ችግሩ ጨው ነው። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው 5 ግራም ቢበላ ብቻ 150 ማይክሮግራም ይሆናል። «አዮዲን ያለው ጨው ተዉ» ሲባል ሰው ወጥ ውስጥ የሚጨምረውን ጨው ይቀይርና በርበሬውን ይረሳል። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይገባል፤ ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ ድልሁም እንዲሁ። ሽሮ ሲፈጭ ጨው የሚጨምርም ቤት ብዙ ነው። ከዳቦ ቤት የሚገዛው ዳቦም ጨው አለው። ስለዚህ ለታካሚው ለብቻ አንድ ብልቃጥ በርበሬና ሽሮ፣ አዮዲን ባልተጨመረበት ጨው ወይም ያለ ጨው፣ ከወሩ መግቢያ ጀምሮ ይዘጋጅ። ይህ ለታካሚው ብቻ፣ ለእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው። የቀረው ቤተሰብ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ልጆች፣ አዮዲን ያለውን ጨው መተው የለባቸውም። የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው አገሪቱ ደንብ ያወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ደንቡ ቤት ውስጥ ውጤት የሚኖረው ጨው ተከድኖ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ ሲቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ሲጨመር ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ የሲቲ ስካን ማቅለሚያ። የአንገት እብጠት ያለበት ሰው ማቅለሚያ ተወግቶ ሲቲ ከተነሳ፣ በአንድ ምርመራ 30 ግራም ገደማ አዮዲን ይገባል። አብዛኛው ሳይፈታ በሽንት ይወጣል፤ ተፈትቶ የሚቀረው ጥቂቱ ግን በሩን ለሳምንታት ለመዝጋት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ማቅለሚያ መስጠት አንዳንዴ ተገቢ ነው፤ ቀኑን አለመጻፍ ግን ተገቢ አይደለም። ቁስል በአዮዲን መድኃኒት ማጠብም ይቆጠራል። ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ደግሞ አዮዲኑ በሰውነት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ከልብ ሐኪሙ ጋር ሳይመከር ቀጠሮ አይያዝ።

አራተኛው እርግዝናና ጡት ማጥባት ነው። እርጉዝ ሴት በምንም ሁኔታ አዮዲን-131 አትወስድም፤ የጽንሱ ታይሮይድ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ አዮዲን መሳብ ይጀምራልና ይጠፋል። ስለዚህ የእርግዝና ምርመራው ካፕሱሉ ሊሰጥ ሲል ይደረጋል፤ ከወር በፊት የተደረገው አይቆጠርም። የምታጠባ እናት ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀድማ ማቆም አለባት። ጡት አዮዲን ይስባል፤ ወተቱም ያን አዮዲን ለሕፃኑ ያደርሳል። ሕክምናውን ከወሰደች በኋላ ያንኑ ልጅ መልሳ አታጠባም፤ የሚቀጥለውን ልጅ ግን ታጠባለች። ይህን እናቲቱ ቤቷ ሳለች ካልሰማች፣ ካፕሱሉ የሚሰጥበት አዲስ አበባ ደርሳ ሳትታከም ትመለሳለች። ከሕክምናው በኋላ ሴቷ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ ወንዱ ከ3 እስከ 6 ወር ልጅ እንዳይመጣ ይከላከላሉ።

ቀጠሮ ማክበር ለምን እንደሚያስፈልግም ልብ በሉ። አዮዲን-131 ከውጭ አገር የኑክሌር ማብለያ ተሠርቶ በአውሮፕላን የሚመጣ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። ዛሬ 100 ሚሊኪዩሪ የነበረው ከ3 ቀን በኋላ 77፣ ከ8 ቀን በኋላ 50 ይሆናል። መጋዘን ገብቶ የሚጠብቅ መድኃኒት አይደለም። ቴክኒሺየሙ ግን ሞሊብዲነም ከያዘ ዕቃ በየዕለቱ ይቀዳል፤ በሙያው ቋንቋም «ማለብ» ይባላል፤ ዕቃውም እንደ ላም በየጠዋቱ ይታለባል፤ ሞሊብዲነሙ በየ66 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ እየነጠፈ ይሄዳል።

በዕለቱ ታካሚው ለጥቂት ሰዓታት ባዶ ሆዱን ቆይቶ፣ ማስመለስን የሚከላከል መድኃኒት ወስዶ ካፕሱሉን በውኃ ይውጣል። ከዚያ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ቶሎ ቶሎ ይሸናል። ታይሮይዱ ወጥቶለት ስለሆነ ያልተያዘው አዮዲን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በሽንት ይወጣል። በጾም ወቅት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ አልቀምስም የሚል ታካሚ ይኖራል። ውኃ አለመጠጣት ፊኛን፣ አንጀትንና የምራቅ ዕጢን ለጨረር ያጋልጣል፤ ስለዚህ ቀጠሮው ሲያዝ ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገር። ሎሚና ጎምዛዛ ከረሜላ የምራቅ ዕጢን ለማጠብ ይረዳሉ፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ዕጢው ብዙ ደም፣ ከደሙም ጋር አዮዲን ሊስቡ ስለሚችሉ ከ24 ሰዓት በኋላ መጀመር ይሻላል። ካስመለሰው ራሱ አይጥረግ፤ ባለሙያ ይጠራ።

ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ሙሉ ሰውነቱ በጋማ ካሜራ ይነሳል። ይህ ምስል የበሽታውን ካርታ ይሰጣል፤ አሳሳችም ነገር ይበዛበታል። ምራቅ የነካው መሐረብ፣ ላብ የጠጣ ነጠላ፣ ሽንት የነካው የውስጥ ልብስ እንደ ካንሰር ያበራሉ። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ገላውን ታጥቦ ልብስ ይቀይር፤ የአንገት ማተቡም ላብ ይይዛልና ይታጠብ ወይም በአዲስ ክር ይለወጥ። የብር መስቀል ከካሜራው ፊት ዞር ይበል፤ ብረት ጨረር ስለሚከልል ባዶ ቦታ ያሳያል። ጉበት በእኩል መጠን ቢያበራ የአዮዲኑ ሆርሞን እዚያ እየተፈታ ነው፤ ስርጭት አይደለም። አንገት ላይ ብዙ ቀሪ ዕጢ ካለ ምስሉ ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ ይሠራል፤ ያም የካሜራው የእርሳስ መጋረጃ ጋማውን ሙሉ በሙሉ አለማቆሙ ነው፤ በዚያ ኮከብ ሥር ንፍፊት ተደብቆ ሊታለፍ ይችላል።

እነዚህን ቀናት አዲስ አበባ ማሳለፍ ለመንገዱም ይጠቅማል። ከዚያ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር ከ500 በላይ ነው። አባይ በረሃን በታጨቀ ሚኒባስ፣ ሕፃን ከታቀፈች እናት ጎን ሆኖ መሻገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይገባም። ርቀት ትልቁ መከላከያ ነው፤ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር መራቅ የሚደርሰውን ጨረር ወደ ሩብ ያወርደዋል። ቤት ሲገባ ለብቻው ይተኛል፤ ከልጆችና ከነፍሰ ጡር የሚርቅበት ጊዜ እንደ ተሰጠው መጠን ከ1 እስከ 3 ሳምንት ነው፤ ቀኑ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ብርጭቆና ሳህኑ ለብቻ ይሁን፤ ልብሱ ለብቻ ይታጠብ፤ መጸዳጃ ቤት ከተጠቀመ በኋላ በብዙ ውኃ ይጠብ፤ ወንዱም ተቀምጦ ይሽና። ከአንድ መሶብ መብላትና ጉርሻ ለእነዚያ ቀናት ይቅር። ይህ ለእኛ ሰው ከሁሉ ይከብዳል፤ እናት ልጇን ሳታጎርስ፣ አባት ሳይስም መዋል። መገለል እንዳይመስል ለጎረቤት ጭምር አስቀድሞ ይነገር፤ ካንሰሩ አይተላለፍም፤ ጨረሩም ቀን ቆጥሮ ያልቃል።

ክኒኑ ከካፕሱሉ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ዕድሜ ልክ ነው። በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ፣ የብረትና የካልሲየም ክኒን 4 ሰዓት ይራቅ። ጠዋት ውኃ የማይቀምስ ጾመኛ ማታ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ ቢወስደው ይሠራለታል። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ታይሮግሎቡሊን የሚባለው፣ የታይሮይድ ሴል የሚሠራው ፕሮቲን በደም ይለካል፤ ዕጢው ወጥቶ ከጠፋ ይህ ፕሮቲን ሊገኝ አይገባም። ግን ሰውነት በዚህ ፕሮቲን ላይ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል አብሮ ካልተለካ ውጤቱ አይታመንም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ታይሮግሎቡሊኑን ደብቆ «ዜሮ» ያስመስለዋል። ታይሮግሎቡሊኑ እየጨመረ በአዮዲን ስካን ምንም ካልታየ ካንሰሩ በሩን ዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላልና አዮዲን ከመደጋገም በፊት ሌላ ምርመራ ይደረጋል።

ስለዚህ ታካሚው አባይን ከመሻገሩ በፊት በሪፈር ወረቀቱ ላይ እነዚህ ይጻፉለት፤ የቀዶው ቀንና ምን ያህል ዕጢ እንደወጣ፣ የፓቶሎጂው ውጤት ሙሉ ጽሑፍ፣ ታይሮክሲን የቆመበት ቀን፣ ማቅለሚያ ያለው ሲቲ ተነስቶ ከሆነ ቀኑ፣ የምታጠባ ከሆነች ያቆመችበት ቀን፣ የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ሁሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል አልጋ ተይዞ፣ መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሳለ ታካሚው ካፕሱሉን ሳይወስድ ይመለሳል።